ዕቃው ገብቷል፤ ብሩ አልወጣም

በአቃቂ ቃሊቲ ብዙ አነስተኛ አምራቾች ሥራ አላጡም። ያጡት የሠሩበትን ገንዘብ በጊዜው ነው። ያልተከፈለ ደረሰኝን ለባንክ አስተላልፎ ገንዘብ ማግኘት በሌላው ዓለም የቆየ ንግድ ነው፤ በእኛም አገር ሕጉ አለ። አሠራሩ ግን ከወረቀት አልወረደም።

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው መንገድ ገና ጎሕ ሳይቀድ የከባድ መኪና ነው። ወደ ጉምሩክ ግቢ የሚታጠፉ ተሳቢዎች ጥግ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ፤ ሚኒባሶች በመካከላቸው ይሹለከለካሉ፤ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር መጨረሻ ጣቢያው ላይ ሠራተኛ ያራግፋል። ግራና ቀኙ አጥር ነው። ከአጥሩ ውስጥ ብረታ ብረት፣ ዱቄትና ፓስታ፣ መለዋወጫ፣ ጨርቃ ጨርቅ ይመረታል። አካባቢው ፋብሪካ የለመደው በቅርቡ አይደለም። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በአቃቂ በኩል ነው ያለፈው፤ ሐዲድና ወንዝ ባለበት ፋብሪካ ተከተለ። ዛሬ ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዳማ ፈጣን መንገድ የወደቡን ጭነት እዚሁ ደጃፍ ያደርሰዋል።

ከትልልቆቹ አጥሮች ኋላ፣ በኮብልስቶኑ ገባ ሲሉ፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የተሠሩ ሼዶችና በኪራይ የተያዙ መጋዘኖች ይገኛሉ። የግራይንደር ጩኸት ከሩቅ ይሰማል። አንዱ ሼድ ውስጥ ወጣቶች የትምህርት ቤት ዴስክ ይበይዳሉ፤ የተቀባው በአንድ ወገን ተደርድሯል፣ ያልተቀባው በሌላ ወገን። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቱታና የደኅንነት ጃኬት ይሰፋል። ከዚያ ወዲያ ብሎኬት። ሥራ የፈታ እጅ አይታይም።

የዴስኩ ሼድ ባለቤት ጠረጴዛ ላይ አንድ ቦክስ ፋይል አለ። ውስጡ የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ ቅጂዎች፣ የዕቃ መረከቢያ ሰነዶችና የክፍያ መጠየቂያ ደብዳቤዎች ታስረዋል። ዴስኮቹ ከተማሪ ጋር ውለው ያድራሉ፤ ብሩ ግን ገና ነው። ሰውየው ሳቅ እያለ ይናገራል፦ «ሥራ ጠፋ የሚል ሰው ስሰማ ይገርመኛል። እኔ ሥራ አለኝ። ሒሳቤን ላየ ሰው ሀብታም ነኝ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ አይደል?»

«ፊርማ ላይ ነው»

አንድ ደረሰኝ ገንዘብ እስኪሆን የሚሄድበትን መንገድ ያልሄደበት ሰው አያውቀውም። ዕቃው ገዢው ግቢ ይደርሳል። መጀመሪያ ጥራት የሚያይ ኮሚቴ ይጠበቃል። ኮሚቴው ሲሟላ ያያል፤ ካልተሟላ ዕቃው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ይሞቃል። ካለፈ፣ ገዢው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ሞዴል 19 የሚባለው የገቢ ዕቃ ሰነድ ይቆረጣል፤ የግል ድርጅት ከሆነም የራሱ የገቢ ዕቃ ሰነድ አለው። ከዚያ ሻጩ ደረሰኙንና የክፍያ መጠየቂያ ደብዳቤውን ያስገባል። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፣ ወደ ኃላፊው ይመራል፣ ኃላፊው ወደ ግዥ፣ ግዥ ወደ ፋይናንስ፣ ፋይናንስ ወደ በጀት ይመራዋል። በጀቱ ከተረጋገጠ ሁለት ፈራሚ ያስፈልጋል። አንዱ ፈራሚ መስክ ነው። ሌላው ስብሰባ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ሻጩ ይደውላል። የሚመልስለት ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ትሑት ነው፤ «ጋሼ፣ ክፍያው አልቋል፣ ፊርማ ላይ ነው» ይላል። በሚቀጥለው ሳምንትም ፊርማ ላይ ነው።

ክፉ ሰው ፍለጋ የሚገባ አንባቢ እዚህ ብዙ አያገኝም። በአንድ ትልቅ ገዢ ድርጅት የፋይናንስ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ ነገሩን ከራሱ ወንበር ሲያየው እንዲህ ነው፦ ኦዲተር የሚጠይቀው «ለምን ፈጥነህ ከፈልህ» ብሎ ነው፤ «ለምን ዘገየህ» ብሎ የተጠየቀ ሰው አላየም። የዘገየ ክፍያ በማንም ላይ ቅጣት አያመጣም፤ ሰነድ ሳይሟላ የተከፈለ ግን ሰው ያሳስራል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ጥንቁቅ ሠራተኛ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ከግል ገዢዎች ዘንድ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነው። እነሱም ራሳቸው ያልተከፈሉ ናቸው። ኮንትራክተሩ የክፍያ ሰርተፊኬቱን ይጠብቃል፣ የኮንትራክተሩ በርና መስኮት ሠሪ ኮንትራክተሩን ይጠብቃል፣ ላሜራ ሻጩ በርና መስኮት ሠሪውን ይጠብቃል።

ወቅትም አለው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦትና ሰኔ የግዥ ጥድፊያ ነው። ሁሉም በጀቱን ሳይመለስበት መጠቀም ይፈልጋል፤ ሼዶቹ ሌሊት ሳይቀር ይሠራሉ። ሰኔ ውስጥ ክፍያው ያላለቀለት ሻጭ ሐምሌና ነሐሴን በዝናብ ብቻ ሳይሆን በባዶ ኪስ ያሳልፋል። አዲሱ በጀት ተለቅቆ ሥራ እስኪጀመር ድረስ የመስከረም ቤት ወጪ፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ቀድመው ይደርሳሉ።

ቀን የሚበላው ብር

ዘግይቶም ቢሆን ከተከፈለ ምን ጎደለ የሚል ይኖራል። የሚጎድለው ብዙ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

አንደኛው ላሜራው ነው። ዴስክ ሠሪው ፕሮፎርማ ሲሰጥ በዕለቱ የብረት ዋጋ ሒሳብ ሠርቶ ነው። ዕቃውን አስረክቦ ብሩን እስኪቀበል ድረስ ላሜራና አርኤችኤስ የሚባለው የብረት ቱቦ ይጨምራሉ። ስለዚህ በመጨረሻ የሚያገኘው ብር የሸጠውን ዴስክ ያህል መልሶ አያሠራውም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ይህ ነገር ገሐድ ወጣ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ በሚመጣ ብረት የሚሠራ፣ ከለውጡ በፊት በዱቤ የሸጠ፣ ከለውጡ በኋላ የተከፈለው ሰው በደረሰኙ ላይ አተረፈ፤ በመጋዘኑ ግን ከሰረ።

ሁለተኛው ቫት ነው። ዱቤ የሸጠ ሰው 15 በመቶ ቫት የጨመረበትን ደረሰኝ ሲቆርጥ፣ ቫቱን በተለምዶ የሚያሳውቀው ደረሰኙን በቆረጠበት ጊዜ እንጂ ብሩን በተቀበለበት ጊዜ አይደለም። ገዢው ያልከፈለውን ግብር ሻጩ ከኪሱ ለመንግሥት ያስቀድማል ማለት ነው። ገዢው ራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን ነገሩ ፈገግ ያሰኛል፦ መንግሥት ለሻጩ ያልከፈለውን መንግሥት ከሻጩ ይሰበስባል። ላይ ላዩን ሲታይ ይህን ያህል ገንዘብ አይመስልም። ትርፉ ቀጭን ለሆነ ሼድ ግን ከትርፉ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛው ደመወዝ ነው። በያጆቹ ወር አይጠብቁም፤ ብዙዎቹ በአሥራ አምስት ቀን ወይም በሥራው ልክ ይከፈላቸዋል። የለመደ በያጅ ሁለት ጊዜ «ትንሽ ታገሡኝ» ከተባለ ሦስተኛውን አይጠብቅም፤ ወደ ገላን ወይም ወደ ዱከም ፋብሪካዎች ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ትእዛዝ ቢመጣ እንኳ የሚሠራው የለም።

> «የጨረታ ማስታወቂያ ሳይ እጄ ይበላኛል። ግን የድሮው ሳይከፈለኝ በምን ልግዛ? ትእዛዝ እየመለስኩ ነው።»

ይህን የምትለው የቱታ ስፌት ሼድ ያላት ሴት ናት። ለሴትዮዋ አሳሳቢው ኪሳራ አይደለም። ንግዷ ያተርፋል፤ ገበያም አለው። አትራፊ ሆኖ መቆም የሚባል ነገር እንዳለ የሚያውቀው ግን የደረሰበት ብቻ ነው።

እስከዚያው ምን ይደረጋል

ሰው ባዶ እጁን አይቀመጥም። የመጀመሪያው መሸሸጊያ ዕቁብ ነው። በአቃቂ ገበያና በሼዶቹ መካከል ሳምንታዊ ዕቁብ የማይጥል ነጋዴ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ዕጣው ቶሎ የደረሰው ላሜራውን ይገዛል፤ ያልደረሰው ዕጣ ይለምናል ወይም ይገዛል። ዕቁብ ግን ዳኛውና አባላቱ የሚተማመኑበት፣ መጠኑ የተወሰነ ነገር ነው፤ አንድ ትልቅ ትእዛዝ ብቻውን ዕቁቡን ይውጠዋል።

ሁለተኛው ቼክ ነው። ገዢው የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ይሰጣል፤ ሻጩ ቼኩን ይዞ ወደ ላሜራ ነጋዴ ይሄዳል፤ ላሜራ ነጋዴው ዋጋ ጨምሮበት ይቀበለዋል። የቼክ ነገር ደግሞ የሚያስፈራ ነው። በንግድ ሕጉ ቼክ ለባንኩ በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ላዩ ላይ የወደፊት ቀን መጻፉ ይህን አይለውጠውም። በወንጀል ሕጉ ደግሞ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት ያስጠይቃል። ስለዚህ ቼክ ከዱቤ ማስታወሻነት አልፎ የእስር ቤት ቁልፍ ሆኖ ይሠራል። ሰው የሚከፍለው ስላለው ሳይሆን ስለሚፈራ የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሦስተኛው አራጣ ነው። ስለ አራጣ በስም የሚናገር አይገኝም፤ በወንጀል ሕጉም የተከለከለ ነው። ሁሉም ግን «አንድ ሰው አለ» ይላል።

ቅርብ ጊዜ የመጣው የስልክ ብድር ነው። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ሚቹ» እና በቴሌብር ላይ ባንኮች የሚሰጡት ብድር ያለ መያዣ ገንዘብ ያደርሳሉ። ለቸርቻሪ ጥሩ ነው፤ ጠዋት ወስዶ በሳምንት ይመልሳል። ዴስክ ለሚሠራ ግን መጠኑም ያንሳል፣ ጊዜውም ያጥራል። የብድሩ መመለሻ ቀን ይደርሳል፤ ገዢው ግን ገና ፊርማ ላይ ነው።

ሦስት ሰዎች፣ አንድ ደረሰኝ

በሌላው ዓለም ለዚህ ችግር የተበጀለት አሠራር ፋክተሪንግ ይባላል። ነገሩ ውስብስብ አይደለም። ሻጭ፣ ገዢና ገንዘብ ያለው ተቋም አሉ። ሻጩ ዕቃ አስረክቦ ደረሰኝ ቆርጧል። ገዢው በ60 ቀን ሊከፍል ተስማምቷል። ተቋሙ ደረሰኙን ይረከብና አብዛኛውን ገንዘብ ወዲያው ለሻጩ ይሰጣል። ቀኑ ሲደርስ ገዢው የሚከፍለው ለተቋሙ ነው። ተቋሙ ክፍያውን ቆርጦ የቀረውን ለሻጩ ይመልሳል።

በምሳሌ ላሳየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት እኔ ያስቀመጥኋቸው ናቸው። ደረሰኙ የ600 ሺሕ ብር ነው እንበል። ተቋሙ 80 በመቶውን፣ 480 ሺሕ ብር፣ በሳምንቱ ውስጥ ይሰጣል። በሰጠው ገንዘብ ላይ በወር 2 ብር ተኩል ከመቶ ያስከፍላል። ገዢው በሁለት ወር ሲከፍል የተቋሙ ክፍያ 24 ሺሕ ብር ሆኗል። ቀሪው 96 ሺሕ ብር ለሻጩ ይመለሳል። ሻጩ በጠቅላላው 576 ሺሕ ብር እጁ ገባ።

ይህ ርካሽ ነው ወይስ ውድ? መልሱ የሚወሰነው 480 ሺሕ ብሩ በሠራው ሥራ ነው። ላሜራ ተገዝቶበት፣ በሁለቱ ወር ውስጥ ሌላ ትእዛዝ ከተሠራበትና ከ24 ሺሕ በላይ ካተረፈ ተገቢ ነው። የድሮ ዕዳ ለመክፈል ብቻ ከሄደ ወይም ባንክ ውስጥ ተኝቶ ከከረመ ትርፍ እየሸጡ ጊዜ መግዛት ነው። ከሽያጩ 10 በመቶ የሚያተርፍ ሼድ ከዚያ ውስጥ አራቱን ለተቋሙ ሰጠ ማለት ነው። በዓመት ሲሰላ የገንዘቡ ዋጋ 30 በመቶ ይመጣል። ይህን ሳይነግሩ ጥቅሙን ብቻ የሚያወሩ ሰዎች አሉ፤ አንባቢ ይጠንቀቅ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ከዋጋውም ይበልጣል፦ ገዢው ጨርሶ ባይከፍል ኪሳራው የማን ነው? ሁለት ዓይነት ውል አለ። በአንደኛው ተቋሙ ወደ ሻጩ ተመልሶ ገንዘቡን ይጠይቃል፤ ይህ በደረሰኝ መያዣ የተሰጠ ብድር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሁለተኛው ኪሳራውን ተቋሙ ይሸከማል፤ ስለዚህ ውድ ነው፣ ስለዚህም ተቋሙ አስተማማኝ ያልሆነን ገዢ ደረሰኝ አይነካም።

አሠራሩን ከብድር የሚለየው ዋናው ነገርም እዚህ ላይ ነው። ባንኩ ሲመረምር የሚያየው የዴስክ ሠሪውን ሀብት ሳይሆን የገዢውን ነው። ትንሹ በትልቁ ስም ይበደራል።

ሕጉስ ምን ይላል

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግን ይግለጥ። ከአንቀጽ 1962 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ባለገንዘብ የሆነ ሰው ያለውን የመጠየቅ መብት ባለዕዳውን ሳያስፈቅድ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ እንደሚችል ይናገራሉ። ሕግ ወይም ውል ካልከለከለ፣ ወይም የጉዳዩ ጠባይ የማያስችል ካልሆነ በቀር ማለት ነው። ባለዕዳው መተላለፉን ሳያውቅ ለቀድሞው ባለገንዘብ ከከፈለ ነፃ ይወጣል፤ ስለዚህ ማሳወቅ ግድ ነው። ዕቃው ጉድለት ካለበትም ገዢው ይህን መከራከሪያ በአዲሱ ባለገንዘብ ላይ ያነሣል። ይህ ሁሉ የተጻፈው ከስድሳ ዓመት በፊት ነው።

በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ወጣ። አዋጁ ማሽን፣ ከብት፣ ሰብል፣ በመጋዘን ያለ ዕቃ፣ ተሰብሳቢ ሒሳብም ሳይቀር የብድር ዋስትና እንዲሆኑ በር ከፈተ። ዋስትናዎቹ የሚመዘገቡበት የኤሌክትሮኒክ መዝገብም በብሔራዊ ባንክ ሥር ተቋቋመ። የመዝገቡ ጥቅም ግልጽ ነው። አንድ ሻጭ አንዱን ደረሰኝ ለሁለት ባንክ ቢያስይዝ ቀድሞ ያስመዘገበው ይቀድማል፤ ሁለተኛው ባንክም ከማበደሩ በፊት መዝገቡን ማየት ይችላል።

ለኮንትራክተሮች ከዚህ ጋር የሚዛመድ ልምድ አለ። አንዳንድ ባንኮች የክፍያ ሰርተፊኬትን አይተው፣ አሠሪው ክፍያውን በባንኩ በኩል እንደሚፈጽም በደብዳቤ ካረጋገጠ ያበድራሉ። ዴስክ ሠሪው የሚፈልገው የዚሁን ታናሽ ወንድም ነው።

«ካርታ አለህ?»

ታዲያ ምን ያዘው? ቃሊቲ መንገድ ዳር ካሉት የባንክ ቅርንጫፎች በአንዱ የሚሠራ የብድር ባለሙያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ይዘረዝረዋል። ባለጉዳይ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው የቤት ካርታ መሆኑን አይክድም። ቤት አይጠፋም፣ አይሰደድም፣ ዋጋው ይጨምራል፤ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ሼዱ የመንግሥት ነው፤ ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ደረሰኙ ደግሞ ወረቀት ነው። አዋጁን ያውቀዋል፤ ሥልጠናም ወስዶበታል። «ግን ተሰብሳቢ ሒሳብ ይዤ የብድር ኮሚቴ ፊት ብቀርብ፣ ‹ካርታውስ?› ነው የሚሉኝ።»

የብድር ጣሪያውም አለ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጣሪያው ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ዓላማው የዋጋ ንረትን መያዝ ነበር። ጣሪያ ያለበት ባንክ ግን ያለውን ለማን ይሰጣል? ለሚያውቀው ትልቅ ደንበኛ። አንድ ትልቅ ፋይልና አንድ መቶ ትንንሽ ፋይል የሚጠይቁት የሠራተኛ ድካም እኩል አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ሐሰተኛ ደረሰኝ ነው። በከተማው ያልተሸጠን ዕቃ እንደተሸጠ አድርጎ ደረሰኝ የሚሸጥ ገበያ እንዳለ ግብር ሰብሳቢውም ነጋዴውም ያውቃል። ባንክ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈራው የሌለ ዕቃ ሐሰተኛ ደረሰኝ ገዝቶ መገኘትን ነው። ገቢዎች ሚኒስቴር ኪውአር ኮድ ያለበት ደረሰኝ ማስፋፋት መጀመሩ በዚህ በኩል ይረዳል፤ ደረሰኙ እውነተኛ መሆኑን በስልክ ማየት ቀላል ይሆናል። ደረሰኙ እውነተኛ መሆኑ ግን ገዢው ዕዳውን ያምናል ማለት አይደለም። ዕቃው ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ በከፊል ተከፍሎ ሊሆን ይችላል፤ ገዢው የሚከፍለው ቅድመ ግብር ተቀንሶ ስለሆነ ደረሰኙ ላይ ያለውና ባንክ የሚገባው ብርም አንድ አይደለም።

> ባንኩ የሚፈልገው አንድ መስመር ነው፦ «ዕቃውን ተረክበናል፤ ይህን ያህል ብር በዚህ ቀን፣ በዚህ ሒሳብ ቁጥር እንከፍላለን።»

ይህን መስመር ሊጽፍ የሚችለው ገዢው ብቻ ነው። ሻጩ ቢለምን፣ ባንኩ ቢሠለጥን፣ አዋጁ ቢታተም ገዢው ካልፈረመ ደረሰኙ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እኔ ይህን ጉዳይ በቅርብ ስመለከት የደረስኩበት አቋም ይህ ነው፦ ፋክተሪንግ በኢትዮጵያ ከታች፣ ከአነስተኛ ሻጮች በኩል በሥልጠና ሊጀመር አይችልም። ከላይ፣ ከትልልቅ ገዢዎች ይጀምራል ወይም አይጀምርም።

ሜክሲኮ፣ ሕንድና የእኛው ምርት ገበያ

ከገዢ የጀመሩ አገሮች አሉ። ናፊን የተባለው የሜክሲኮ የመንግሥት ልማት ባንክ እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ የኤሌክትሮኒክ መድረክ አቋቋመ። ትልልቅ ኩባንያዎችና የመንግሥት ተቋማት የተቀበሉትን ደረሰኝ ራሳቸው መድረኩ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ዕዳውን አምነዋል ማለት ነው። ባንኮች ደረሰኙን ይገዛሉ፤ ገዢው ባይከፍል ወደ ሻጩ አይመለሱም። ትንሹ ሻጭ የሚያስይዘው ቤት አይጠየቅም። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2014 ማዕከላዊ ባንኳ ባወጣው መመሪያ ተመሳሳይ መድረኮች እንዲቋቋሙ ፈቀደች። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ሕግ፣ ከአነስተኛ አምራች የገዛ ሁሉ ቢዘገይ በ45 ቀን ውስጥ እንዲከፍል፣ ከዚያ ካለፈ ወለድ እንዲቆጠርበት ደንግጋ ነበር። ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት። የመክፈያ ቀን ያልተወሰነለትን ደረሰኝ ማን ይገዛዋል?

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናና ሰሊጥ ለሸጠ ሰው ክፍያውን በማግስቱ ያስገባል። ይህ የሆነው ነጋዴው ስለተለወጠ አይደለም። ገዢው ከመግዛቱ በፊት ገንዘቡ በሒሳቡ መኖሩ ስለሚረጋገጥ፣ ሻጩም ምርቱን አስቀድሞ መጋዘን አስገብቶ የመጋዘን ደረሰኝ ስለሚይዝ ነው። ለቡና የተደረገው ለዴስክ ቃል በቃል ሊደረግ አይችልም፤ ዴስክ ደረጃ ወጥቶለት አይሸጥም። ግን በዚሁ አገር፣ በዚሁ የባንክ ሥርዓት በማግስቱ መክፈል እንደሚቻል አሳይቷል።

የፌደራል መንግሥት ግዥ ደግሞ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ነው። ጨረታው፣ ውሉ፣ ርክክቡ በአንድ መስኮት ከተመዘገበ ገዢው ዕዳውን አመነ የሚባልበት ቀን በራሱ ይታወቃል። ባንኮች ያን መስኮት እንዲያዩ ቢፈቀድላቸው ግማሹ ሥራ አለቀ። መንግሥት ለአነስተኛ ኢንተርፕራይዞች በጨረታ ላይ አስተያየት ያደርጋል፤ በጨረታ አሸንፎ በክፍያ ለሚሸነፍ ሰው ግን ይህ ብቻውን ምን ይረባዋል?

የማይሆናቸውም አሉ

ሁሉም ሼድ ለዚህ አሠራር አይሆንም። ሒሳቡን የማይዝ፣ ግማሹን ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ሰው ባንክ ፊት የሚያቀርበው ነገር የለውም። ገዢው ራሱ የሚንገዳገድ ከሆነም ትልቅ ስሙ አያድነውም። በአንድ ገዢ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሻጭ ደግሞ ያ ገዢ የቆመ ቀን ደረሰኙም ሥራውም አብረው ይቆሙበታል።

ከወለድ የሚርቁ ሙስሊም ነጋዴዎችም ጥያቄ አላቸው። ዕዳን ከዋጋው አሳንሶ መሸጥ በብዙ ሊቃውንት ዘንድ ወለድ ነው። አንድ የብሎኬት ማሽን ያለው ነጋዴ የሚመርጠው ወለድ አልባ ባንኮች የሚሰጡትን ሙራባሃ ነው፦ ባንኩ ሲሚንቶውን ወይም ብረቱን ራሱ ይገዛና የታወቀ ትርፍ ጨምሮ ለነጋዴው በጊዜ ይሸጥለታል። የገዢው የክፍያ ማረጋገጫ እዚህም ይጠቅማል፤ ባንኩ ብሩ ከየት እንደሚመለስ ያውቃል።

አንዳንድ ገዢ ደግሞ ማረጋገጫ መስጠትን እንደ ውለታ ይቆጥረው ይሆናል። የቱታ ሰፊዋ ፍርሃትም ይህ ነው። «ደብዳቤ ጻፉልኝ ብዬ ብነዘንዛቸው፣ በሚቀጥለው ጨረታ ፊታቸው ይጠቁርብኛል» ትላለች። ፍርሃቷ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ለዚህ ነው ማረጋገጫው የሻጩ ልመና ሳይሆን የርክክቡ አካል መሆን ያለበት። ሞዴል 19 ሲቆረጥ፣ አንድ ገጽ የክፍያ ማረጋገጫ አብሮ ይውጣ። ቀን ይኑረው። የሒሳብ ቁጥር ይኑረው። ይህን ለማዘዝ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የአንድ ትልቅ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ በውስጥ ማስታወሻ ሊያዘው ይችላል። በአቃቂ ቃሊቲ ካሉት ትልልቅ ፋብሪካዎች ጥቂቶቹ ቢጀምሩት፣ ባንኮቹ ደጃቸው ላይ ናቸው፤ ሻጮቹም ከአጥራቸው ኋላ ናቸው።

እስከዚያው ሼድ ያላችሁ አንባቢዎች ከሚቀጥለው ውል ጀምራችሁ ልታደርጉት የምትችሉት አለ። ውሉ ላይ ክፍያ የሚፈጸምበት ቀን «በተቻለ ፍጥነት» ሳይሆን በቁጥር ይጻፍ። ርክክብ በተፈጸመ ቁጥር ማኅተም ያለበት ሰነድ ሳትይዙ ከግቢው አትውጡ። ከመፈረማችሁ በፊትም ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡ፦ ክፍያውን ለሌላ ማስተላለፍን የሚከለክል አንቀጽ ካለበት፣ ፍትሐ ብሔር ሕጉ የሰጣችሁን መብት በራሳችሁ ፊርማ መመለሳችሁ ነውና እንዲወጣ ጠይቁ።